ክረምትን በትሬነር፦ ከእግር በፊት የሚስተካከለው

ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ለብስክሌተኛ አይመቹም። ጠዋት ጭጋግ፣ ከሰዓት ዶፍ፤ አስፋልቱ ላይ የተኛው ኩሬ ከሥሩ ጉድጓድ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ብዙ ሰው ትሬነር፣ ማለትም ብስክሌቱ ቤት ውስጥ ባለበት ሆኖ የሚረገጥበት መሣሪያ፣ ትዝ የሚለው ያኔ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ግን ትሬነሩ የልብስ መስቀያ ሆኖ ይገኛል። ለምን ሲባል መልሱ “ይሰለቻል” ነው። መሰልቸቱ አለ፤ ሰውን ከኮርቻው የሚያስወርደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፦ ሙቀት፣ የሚንሸራተት ጎማ፣ በየቀኑ የሚለዋወጥ ቁጥር። ትናንት በ180 ዋት እያወራ የረገጠ ሰው ዛሬ በዚያው 180 ዋት ሲያለከልክ እግሩ የደከመ ይመስለዋል። ምናልባት የተለወጠው የጎማው ንፋስ ወይም የክፍሉ አየር ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የመለማመድ ትልቁ ጥቅም ሌላው ሁሉ ባለበት ቆሞ እግር ብቻ የሚለወጥ መሆኑ ነው። እንዲያ የሚሆነው ግን ሌላውን ሁሉ መጀመሪያ እናንተ ስታቆሙት ነው።

የትሬነር ዓይነቶቹ ሦስት ናቸው። ሮለር የሚባለው ባለ ሦስት ከበሮው ሚዛንና ለስላሳ አረጋገጥ ያስተምራል፤ ለከባድ ልምምድ አይመችምና እንለፈው። ሁለተኛው የኋላ ጎማ ሳይወልቅ ከአንዲት ትንሽ ሲሊንደር ጋር ተጣብቆ የሚሽከረከርበት ነው፤ ጭነቱን የሚሰጠው ማግኔት ወይም የታሸገ ፈሳሽ ነው። ሦስተኛው የኋላ ጎማ ወልቆ ሰንሰለቱ በቀጥታ ትሬነሩ ላይ በተገጠመ ካሴት (የኋላ ማርሾች ስብስብ) የሚዞርበት ነው። ሁለተኛውን ባለ ጎማው፣ ሦስተኛውን ጎማ አልባው እያልን እንቀጥል። ጎማ አልባው ቁጥሩ የታመነ፣ ድምፁም ያነሰ ነው። ባለ ፈሳሹ ደግሞ አንድ ነገር ይበልጠዋል፤ መብራት አይጠይቅም። ሰፈራችሁ በሳምንት ሁለት ሦስቴ መብራት የሚጠፋበት ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ባለ ጎማውን መግጠም

መጀመሪያ የሚለወጠው የኋላ ጎማ ማሰሪያ ዘንግ ነው። ከትሬነሩ ጋር የሚመጣው የብረት ዘንግ ጫፎቹ ከትሬነሩ መያዣ ጋር እንዲገጥሙ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። በብስክሌቱ ላይ የነበረው፣ በተለይ ጫፉ ፕላስቲክ ወይም ስስ አልሙኒየም ከሆነ፣ መያዣው ውስጥ ይንሸራተታል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። ብስክሌታችሁ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በክር የሚገባ ትሩ አክስል ካለው፣ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ሌላ ዘንግ ለብቻ መግዛት ግድ ነው። የኋላ ጎማው በዳዶ የሚታሰር ከሆነ ደግሞ ትሬነሩን ከመግዛታችሁ በፊት መያዣው ዳዶውን ይቀበል እንደሆነ ብስክሌቱን ይዛችሁ ሄዳችሁ ሞክሩ።

ጥርሳም የማውንቴን ጎማ ትሬነር ላይ አይሆንም። ይጮኻል፣ ይርገበገባል፣ እያንዳንዱ ጥርስ ሲሊንደሩን ሲመታ ጭነቱ ይቆራረጣል። በ26 ቸርኬ ላይ 1.5 ስፋት ያለው ለስላሳ ጎማ ግጠሙ። መንገድ ላይ የቆየ ጎማም ቢሆን ጠጠርና ስባሪ ጠርሙስ ተሰክቶበት ሊሆን ስለሚችል በጥፍር እየዳበሳችሁ ንቀሉለት፤ ከዚያ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጥረጉት። አሮጌ ጎማ ካላችሁ ለዚህ ሥራ ብቻ መድቡት፤ ሲሊንደሩ ጎማ ይበላል፣ ከሥሩ የምታዩት ጥቁር ብናኝም እሱ ነው።

ንፋሱ በየቀኑ ይለካል፤ በየሳምንቱ አላልኩም። 23 ወይም 25 ሚሊ ሜትር ለሆነ የውድድር ጎማ 7 ባር፣ ማለትም 100 ፒ ኤስ አይ ገደማ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከጎማው ጎን ከተጻፈው ጣሪያ ግን እንዳያልፍ። ሲሊንደሩን ጎማውን እስኪነካ ድረስ አስጠጉ፤ ከዚያ መዘውሩን ከሁለት እስከ ሁለት ዙር ተኩል ጨምሩ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጎማውን በአንድ እጅ ያዙና ሲሊንደሩን በሌላው እጅ ለማዞር ሞክሩ። ጎማው ቆሞ ሲሊንደሩ ብቻውን ከዞረ ግማሽ ዙር ጨምሩ። እንዳይንሸራተት ብሎ እስከ መጨረሻው ማጥበቅ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ጎማው ይግላል፣ ውስጡ ይፈነዳል፣ እግርም ከሚገባው በላይ ይከብደዋል። የዙሩን ብዛት በትሬነሩ እግር ላይ በማርከር ጻፉት። ነገም ከነገ ወዲያም ያው ይሁን።

የኋላው ከፍ ስለሚል የፊቱ ጎማ ሥር ድጋፍ ያስፈልጋል። ልኩ በዓይን አይያዝም፤ ከወለሉ እስከ ፊተኛው ጎማ መሃል፣ ከወለሉ እስከ ኋለኛው ጎማ መሃል በሜትር ለኩና እኩል አድርጉ። ያጋደለ ብስክሌት ክብደቱን ሁሉ መዳፍ ላይ ይጥላል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ጣት ይደነዝዛል።

ጎማ አልባው ላይ ሰው የሚሳሳትበት

ካሴቱ በኋላ ጎማችሁ ላይ ካለው ጋር እኩል ማርሽ ያለው መሆን አለበት። የብዙዎቹ ትሬነሮች ካሴት መግጠሚያ የሚመጣው ለ11 ማርሽ ካሴት በሚሆን ርዝመት ነው። እናንተ የምትገጥሙት ባለ 8፣ 9 ወይም 10 ከሆነ ከካሴቱ በስተኋላ 1.85 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት ይገባል። ያ ቀለበት ከተረሳ መዝጊያው እስከ መጨረሻ ጠብቆም ካሴቱ ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ ሰንሰለቱ ይዘላል፣ ሰውየውም ማርሹን ሲያስተካክል ይውላል። መዝጊያው የሚጠብቀው በ40 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ያለው መፍቻ ከሌላችሁ፣ ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ 16 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው፤ ጠንከር ያለ ግፊት ነው፣ ግን ጉልበትን ሁሉ አይጠይቅም።

ሁሉም ልክ ሆኖም ማርሹ ሊንኳኳ ይችላል፤ የትሬነሩ ካሴት ከኋላ ጎማው ካሴት ጋር በሚሊ ሜትር ሽራፊ ስለሚለያይ ነው። በኋላ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ገመዱ የሚገባበትን ማስተካከያ ሩብ ዙር፣ ቢበዛ ግማሽ ዙር ማዞር ይበቃል። ስንት እንዳዞራችሁ ያዙ፤ ወደ መንገድ ስትመለሱ ያንኑ ያህል መመለስ ነው።

የዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት ከሆነ፣ የኋላ ጎማ ሲወልቅ ዲስኩም አብሮ ይወጣል። ያኔ በስህተት የፍሬን እጀታ ከተጨበጠ ሸራዎቹ መሃል ላይ ይገናኛሉ፤ ጎማውን መልሶ ለማስገባት መከራ ነው። በሸራዎቹ መሃል የታጠፈ ካርቶን አስገቡ።

ትሬነር ላይ ቆሞ መወራጨትና ብስክሌቱን ግራ ቀኝ መጣል እንደ መንገድ አይደለም። መንገድ ላይ ብስክሌቱ ያጋድላል፤ እዚህ የኋላ እግሩ ታስሯል፣ የሚጣመመው ፍሬሙ ነው። የካርቦን ፍሬም ያላችሁ አምራቹ ትሬነር ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድማችሁ አንብቡ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖሩ አንድ ነገር። ጎረቤትን የሚያስቸግረው የምትሰሙት ጩኸት አይደለም፤ በሴራሚኩና በኮንክሪቱ አልፎ ወደ ታች የሚወርደው ንዝረት ነው። ስስ ምንጣፍ አይበቃውም። የስፖንጅ ፍራሽ ቁራጭ ደግሞ ትሬነሩን ያወዛውዘዋል። የስፖርት ቤት ወፍራም ጎማ ንጣፍ ሁለት ድርብ ማድረግ የተሻለ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የምትረግጡ ከሆነ በትንሹ የፊት ጥርስ እርገጡ፤ የትሬነሩ ከባድ መሽከርከሪያ በዝግታ ሲዞር ድምፁም ይቀንሳል።

መብራት

የስማርት ትሬነር (ከስልክ ወይም ከላፕቶፕ መተግበሪያ ጋር የሚገናኘው) ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትሰኩ። “100–240 ቮልት” ካለ እዚህ ባለን 220 ቮልት ይሠራል፤ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ቬንትሌተር ግን ብዙውን ጊዜ 120 ቮልት ብቻ ነው፤ እዚህ ከተሰካ ይቃጠላል። ቬንትሌተሩን ከመርካቶ ግዙ።

መሃል ላይ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ጎማ አልባው ትሬነር ግን በአብዛኛው ጭነቱንም ቁጥሩንም ያጣል፣ እግራችሁም ባዶ ይሽከረከራል። መብራቱ ሲመለስ የመጀመሪያው ግፊት አስተማማኝ አይደለምና ቻርጀሩን ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ባለ ፈሳሹ ላይ ያላችሁ በልብ ምት መቀጠል ትችላላችሁ፤ ቬንትሌተሩም አብሮ እንደጠፋ ግን አትርሱ። ከባዱን ክፍል ለሌላ ቀን አቆዩትና ቀለል አድርጋችሁ ጨርሱ።

ሙቀቱ

ሰውነት ከሚያቃጥለው ጉልበት ፔዳሉ ላይ የሚደርሰው ከ20 እስከ 25 በመቶው ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በ200 ዋት የሚረግጥ ሰው ከ600 እስከ 800 ዋት ሙቀት ያመነጫል፤ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሶ የተቀመጠ ያህል ነው። መንገድ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ነፋሱ ያንን ይወስድለታል። ቤት ውስጥ ነፋስ የለም። ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፤ የማይተን ላብ ደግሞ አያቀዘቅዝም። ልብ ደም ወደ ቆዳ ለመላክ ተጨማሪ ይሠራል፣ ጡንቻው የሚደርሰው ይቀንሳል።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። ቀላል በሆነ አንድ ዋት ለአንድ ሰዓት እርገጡና የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት አማካይ የልብ ምት ከሁለተኛው ጋር አስተያዩ። 135 የነበረው 137 ቢሆን ምንም አይደል። 147 ከሆነ ግን ፕሮግራሙን ከመቀየራችሁ በፊት መስኮቱን ክፈቱ።

አንድ ጥሩ ቬንትሌተር ከፊት ለፊት ከአንድ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ፣ ደረትና ፊት ላይ እንዲነፋ አድርጉ። ሁለተኛ ካለ ከኋላ በኩል ጀርባ ላይ ይሁን። ፍጥነቱ ትልቁ ላይ ይሁን፤ መጀመሪያ ቢበርዳችሁም ሰውነት እስኪሞቅ ሹራብ ልበሱና ኋላ አውልቁት። ዱባይና ሪያድ ላላችሁ፣ ኤሲው ክፍሉን ያቀዘቅዛል እንጂ አየሩን ቆዳችሁ ላይ አያንቀሳቅስም፤ ቬንትሌተር አሁንም ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ሌሊቱ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ በጠዋት መስኮት ከፍቶ መርገጥ እድል ነው። ግን አየሩም እዚህ ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ያው ቬንትሌተር እዚህ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል።

ላቡ ብስክሌቱንም ይጎዳል። ጨዋማ ነው፤ በመሪው መያዣ ቡሎኖችና በመሪው ተሸካሚ ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል፣ ከመሪው ጥቅል ሥር ያለውን አልሙኒየም ይበላል። መሪው ላይ ፎጣ አንጥፉ፤ ስትጨርሱ በእርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በደረቅ ጥረጉት። ለወራት የረገጠበት ሰው ጥቅሉን ፈትቶ ቢያይ ነጭ ዱቄት ሊያገኝ ይችላል። ያ የዝገት መጀመሪያ ነው።

የጠፋውን ውሃ ሚዛን ይነግራችኋል፦ ኮርቻ ላይ ከመውጣታችሁ በፊትና ከወረዳችሁ በኋላ ራሳችሁን መዝኑ፣ የጠጣችሁትንም ደምሩ። አንድ ኪሎ ማለት አንድ ሊትር ነው። ለአንድ ሰዓት ተኩል ከባድ ልምምድ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አምስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና የሎሚ ጭማቂ በቂ ነው፤ 60 ግራም ገደማ ስኳር ይሆናል። በሶ ደግ ምግብ ነው፤ ግን ከመውጣት ሁለት ሰዓት በፊት። ኮርቻ ላይ ሆኖ ሲጠጡት ሆድ ይከብዳል። ፍልሰታን የምትጾሙ ከባዱን ቀን ከጾም መፍቻ በኋላ አድርጉት፤ በባዶ ሆድ የሚቻለው ቀላሉ ነው።

ቁጥሩ የሚታመነው መቼ ነው

ትሬነሩ ሲሞቅ ቁጥሩ ይቀየራል። ስለዚህ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከረገጣችሁ በኋላ ስፒን ዳውን የሚባለውን የመለኪያ ማስተካከያ አድርጉ፦ መተግበሪያው የሚጠይቀው ፍጥነት ድረስ ትገፋላችሁ፣ ከዚያ እግራችሁን ታቆሙና ራሱ እስኪቆም ትጠብቃላችሁ። ባለ ጎማው ላይ ይህ በየቀኑ ይደረጋል። ጎማ አልባው ላይ አልፎ አልፎ ይበቃል።

የራሳችሁን ኤፍ ቲ ፒ፣ ማለትም ለአንድ ሰዓት ያህል ልትገፉት የምትችሉትን ዋት፣ ለማግኘት የተለመደው የ20 ደቂቃ ፈተና ነው። 15 ደቂቃ ማሟሟቅ፣ 5 ደቂቃ በጣም ጠንከር ያለ፣ 10 ደቂቃ ቀላል፣ ከዚያ 20 ደቂቃ በሙሉ አቅም። አማካዩ በ0.95 ይባዛል፤ 220 ዋት ካወጣችሁ 209 ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው የመጀመሪያዎቹ አራት ደቂቃዎች ላይ ነው፤ ቀለለኝ ብሎ 250 ይገፋል፣ በ12ኛው ደቂቃ 190 ላይ ይገኛል። ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። እዚህ የተለካ ቁጥር ድሬዳዋ ወይም ዋሽንግተን ካለ ሰው ቁጥር ጋር አይወዳደርም፤ ኦክስጅኑ ያንሳል፣ ዋቱም ያንሳል። የምትለማመዱበት ቦታ ላይ ተፈተኑ፤ ከታች የመጣ ቁጥር ይዛችሁ እዚህ አትጀምሩ።

በ209 ብንሄድ፣ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲህ ማድረግ ይቻላል። አንዱን ቀን 3 ጊዜ 10 ደቂቃ ከ188 እስከ 196 ዋት፣ በመሃል 5 ደቂቃ ቀላል። ሌላውን ቀን 5 ጊዜ 3 ደቂቃ ከ230 እስከ 240 ዋት፣ በመሃል 3 ደቂቃ ቀላል። ሦስተኛው ከ125 እስከ 146 ዋት ባለው ውስጥ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ ዝናቡ ካባራ ደግሞ ውጪ። ትሬነር ላይ ቁልቁለት የለም፣ የትራፊክ መብራትም የለም፤ እግር አያርፍም። መንገድ ላይ ሦስት ሰዓት የምትሄዱ ሰዎች እዚህ ሦስት ሰዓት ልሙላ ብላችሁ አትሰቃዩ። አውስትራሊያዊው ብስክሌተኛ ማቲው ሄይማን በየካቲት 2016 (በፈረንጆቹ) ውድድር ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ፣ ቤት ውስጥ ትሬነር ላይ ሲለማመድ ከርሞ፣ ሚያዝያ ላይ ፓሪስ–ሩቤ የተባለውን የፈረንሳይ ውድድር አሸንፏል። እሱ ግን ከሥሩ የብዙ ዓመት ኪሎ ሜትር ነበረው፤ ትሬነሩ ያንን አቆየለት እንጂ አልፈጠረለትም።

ኤርግ

ኤርግ በሚባለው አሠራር ዋቱን የሚይዘው ትሬነሩ ነው፤ ስትፈጥኑ ጭነቱን ያቀላል፣ ስትዘገዩ ያከብዳል። ችግሩ ድካም ሲመጣ ነው። 200 ዋት በደቂቃ 90 ዙር ሲረገጥ ፔዳሉ የሚጠይቀው 21 ኒውተን ሜትር ነው። ወደ 60 ዙር ከወረዳችሁ ያው 200 ዋት 32 ይሆናል። ስለከበዳችሁ ዘገያችሁ፣ ስለዘገያችሁ ይበልጥ ከበዳችሁ፤ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ እግር ጭቃ ውስጥ ይተከላል። ከዚያ በጉልበት ለመውጣት አትታገሉ። መርገጥ አቁሙ፣ ጭነቱ እስኪለቅ ጠብቁ፣ በ95 ዙር መልሳችሁ ግቡ። እንዳይደርስ ደግሞ ኢንተርቫሉ (ከባዱ ክፍል) ከመጀመሩ አምስት ሴኮንድ በፊት ዙራችሁን ከፍ አድርጉ።

ኤርግ ለ10 ደቂቃ ልምምድ ግሩም ነው። ለ30 ሴኮንድ ግፊት ግን አይሆንም፤ ትሬነሩ ጭነቱን አስተካክሎ እስኪጨርስ ሰዓቱ አልፏል። ያኔ አጥፉትና በማርሽ ሥሩ። የ20 ደቂቃ ፈተናውም ያለ ኤርግ ነው።

ቁጥሩ መሃል ላይ ከተቆራረጠ፣ መጀመሪያ ስልካችሁን እዩ። ብዙ ትሬነር በብሉቱዝ የሚገናኘው ከአንድ መሣሪያ ጋር ብቻ ስለሆነ ስልኩ ቀድሞ ይዞት ላፕቶፑ “አላገኘሁም” ይላል። በአንት ፕላስ (እንደ ብሉቱዝ ያለ ሌላ ገመድ አልባ መገናኛ) የምትገናኙ ደግሞ መቀበያዋን በኤክስቴንሽን ገመድ ወደ ትሬነሩ አንድ ሜትር አስጠጓት፤ ዋይፋይም ማይክሮዌቭም በዚያው 2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ ነው የሚሠሩት።

በየአሥር ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ ከኮርቻ ተነሱ። መንገድ ላይ ጉድጓዱ ያስነሳችኋል፤ እዚህ ማንም አያስነሳችሁም፣ የኮርቻ ቁስልም የሚመጣው ከዚያ ነው።

መስከረም ጠብቶ ብስክሌቱ ወደ መንገድ ሲመለስ፣ የትሬነሩን ጎማ ለውጡ፣ የማርሹን ሩብ ዙር መልሱ፣ የመሪውን ቡሎኖች አንድ በአንድ ፈትሹ፣ ካርቶኑን ከፍሬን ሸራዎቹ መሃል አውጡ። ከግቢ ሳትወጡ ሁለቱንም ፍሬን በእግር ጉዞ ፍጥነት ሞክሩ።